የዱር አረንጓዴ ሻይ ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ጦስኙም ሽፈራውም በብርጭቆ ከቀረበ ሻይ ይባላል። እዚህ የምናወራው ግን ካሜሊያ ስለተባለው የዛፍ ወገን ነው፤ ውሽውሽና ጉመሮ ላይ የሚለቀመው ቅጠልም የዚሁ ወገን ነው። ጥቁርና አረንጓዴ የሚለዩት ከለቀማ በኋላ ነው። ቅጠሉ ተጨማምቆ ከአየር ጋር እየተገናኘ ሲቆይ ጥቁር ሻይ ይሆናል። ቻይናዎች እንደሚያደርጉት ወዲያው በጋለ ምጣድ ከታመሰ፣ ወይም እንደ ጃፓኖች በእንፋሎት ከተመታ፣ የሚያጠቁረው ኢንዛይም ሥራውን ያቆምና ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ይደርቃል።

«የዱር» የሚባለው ደግሞ ሰው ሳይተክለውና ሳይገርዘው በጫካ ያደገው ነው። የእርሻ ሻይ እስከ ወገብ እየተከረከመ ይያዛል፤ በቻይና ዩናንና በሰሜን ቬትናም ሀ ዣንግ ተራሮች ያሉት ያረጁ ዛፎች ግን ለቃሚው ወጥቶባቸው ነው የሚለቀሙት።

ከብርቅዬዎቹ አንዱ ሆንግያቻ የሚባለው የዱር ሻይ ነው። የሚበቅለው በደቡብ ቻይና ፉጂያን፣ ጥቂት መንደሮች ዙሪያ ባለው ተራራ ላይ ነው። የአካባቢው ሰው ለጉንፋንና ለሆድ ሕመም ይጠጣዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. የቻይና ተመራማሪዎች ቅጠሉን ሲመረምሩ ካፌይን አላገኙበትም፤ በምትኩ ካካዋ ውስጥ ያለው ቴኦብሮሚንና ቴአክሪን የሚባል ንጥረ ነገር ነበረበት። ከሰዓት በኋላ ሻይ ጠጥቶ ሌሊቱን ሲገላበጥ ለሚያድር ሰው ዜናው ደስ ይላል። ይሁንና የተመረመረው ቅጠሉ እንጂ ጠጪው አይደለም።

ስለ ጤና ጥቅሙ የሚነገረው አብዛኛው ከተራው አረንጓዴ ሻይ የተወሰደ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ የጃፓን ጥናት 40,530 ሰዎችን ተከታትሎ፣ በቀን 5 ሲኒና ከዚያ በላይ የሚጠጡት በልብና በደም ሥር በሽታ የሚሞቱበት መጠን አነስ ያለ መሆኑን አሳይቷል። በካንሰር ሞት ላይ ግን ልዩነት አላገኘም። ክትትል ብቻ ስለሆነም ምክንያቱ ሻዩ ነው ብሎ መማል አይቻልም። «የዱሩ ይበልጣል» የሚለው ወሬ የሻጭ ነው። በእንክብል የሚሸጠው የተጨመቀ ዓይነት ይብሱን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ኢጂሲጂ (አረንጓዴ ሻይ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር) ጉበትን የመጉዳት ምልክት እንደሚያሳይ በ2018 እ.ኤ.አ. አስታውቋል።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው ሲያፈላ ነው። ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ማንተክተክ ለጥቁሩ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ቅጠሉ ይቃጠልና አፍ የሚይዝ ምሬት ይለቃል፣ ስኳርም አያድነውም። ለ200 ሚሊሊትር ውሃ 2 ግራም ይበቃል። የዱሩ ቅጠል ትልልቅና አየር የያዘ ስለሆነ በሻይ ማንኪያ ሲሰፈር ያሳስታል፤ ሚዛን ከሌለ ሁለት ሙሉ ማንኪያ ያድርጉ። ውሃው ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ይሁን። ፒያሳ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ አራት እጅ የፈላ ውሃ ላይ አንድ እጅ ቀዝቃዛ የሚጠጣ ውሃ ሲጨመር 78 አካባቢ ይመጣል። ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይጠለል። ያው ቅጠል ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ይጠጣል፤ በየዙሩ አንድ ደቂቃ መጨመር ነው። ከመረረ ውሃው ግሏል ወይም ቆይቷል።

ከምሳ ጋር አይጠጣ። ውስጡ ያለው ታኒን ከጤፍና ከሽሮ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማሳለፍ ይሻላል፣ ደም ማነስ ላለባቸውና ለነፍሰ ጡሮች በተለይ። ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በብዛት ከመጠጣቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሲገዙ ዱቄቱን ትተው ሙሉ ቅጠሉን ይምረጡ፤ ሲነከር ተዘርግቶ ጠርዙና ጅማቱ ይታያል። ውሃው ወደ ቢጫ የሚያደላ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ መሆን አለበት። በቀዝቃዛ ውሃ ወዲያው ደማቅ አረንጓዴ ከለቀቀ ቀለም ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ቤት ሲገባም ጥብቅ ክዳን ባለው ቆርቆሮ፣ ከበርበሬውና ከቡናው ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ሻይ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይስባል።