በመኪና ላይ ስለሚጨመሩ ጌጆች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኮምቦልቻ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ዕድሜዬን ያጋመስኩ ሰው ነኝ። ጌጅ የምንለው የሞተርን ሙቀትና ግፊት የሚያሳይ ባለመርፌ መለኪያ ነው፤ ቱርቦ ያላቸውን መኪኖች ይዘው ከሚመጡ ወጣቶች አፍ «ጌጁ ውሸታም ነው» የሚለውን አቤቱታ ያህል ደጋግሜ የሰማሁት ነገር የለም። አቤቱታውን ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄም የታወቀ ነው፦ የተሻለ ማርካ ጌጅ የት ይገኛል? እንዲህ ተብለው ከተነቀሉት ጌጆች አብዛኞቹን ጠረጴዛዬ ላይ ፈትሼ ጤነኛ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

ከሁሉም በላይ ደሜን የሚያፈላው «ማሳ የትም ቢታሰር ማሳ ነው» የሚለው እምነት ነው። ማሳ ማለት ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መንገድ ነው። የመኪናው አካል ብረት ስለሆነ የጌጁን ጥቁር ሽቦ ዳሽቦርድ ሥር በተገኘው ብሎን ላይ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ይበቃል ይባላል። ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ሱባሩውን ይዞ ከደሴ ወረደ። የውሃ ሙቀትና የዘይት ግፊት ጌጅ አስገጥሟል፤ ቀን ቀን ሁለቱም በደንብ ያነባሉ፣ ማታ መብራት ሲያበራ ግን የሙቀቱ መርፌ ወደ ላይ ይዘላል፣ የዘይቱ ደግሞ ይወርዳል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲሆኑ ሞተሩ ያለቀለት ስለሚመስል፣ እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ቴርሞስታቱን፣ የውሃ ፓምፑን፣ በመጨረሻም የዘይት ፓምፑን ሳይቀር አስለውጧል። «ወንድሜ፣ አንድ ሞተር ሙሉ ውሃ በዓይን ጥቅሻ እንዴት 15 ዲግሪ ይሞቃል?» ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ፣ ሜካኒኩ ለውጥ ሲለኝ ለወጥኩ» አለ።

የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ደግሞ ጥቁሩ ሽቦ በታሰረበት ብሎን ላይ አሳረፍኩ። መብራቱ ሲጠፋ 0.02 ቮልት አነበበ፤ ሲበራ 0.6 ሆነ። ከ0.1 ቮልት በላይ የሚያሳይ ማሳ ማሳ አይባልም። ብሎኑን ስፈታው ሥሩ ሙሉ በሙሉ ቀለም ነው፤ በዚያ ላይ የተጨማሪ መብራቶቹም ማሳ እዚያው ተደርቦ ታስሯል። ጌጁ የሚያነበው በሴንሰሩ (ሞተሩ ላይ በሚታሰረው ሙቀት ወይም ግፊት ለኪ) በኩል የሚያልፈውን ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ነው፤ ሴንሰሩ የሚመልሰው በሞተሩ ብሎክ በኩል ሲሆን ጌጁ ግን በዚያ በታመመ ብሎን በኩል ነው። የመብራቱ ከረንት በዚያው ሲመለስ የጌጁ ማሳ ከሞተሩ ማሳ ከግማሽ ቮልት በላይ ከፍ ይላል፤ በሴንሰሩ በኩልም ተጨማሪ ከረንት ስለሚፈስ ጌጁ የሴንሰሩ ሬዚስታንስ (ከረንትን የመገደብ አቅም) የቀነሰ ይመስለዋል። የሙቀት ሴንሰር ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ስለሚቀንስ መርፌው «ሞቀ» ይላል፤ የዚያ መኪና የዘይት ሴንሰር ግን ግፊት ሲጨምር ሬዚስታንሱ የሚጨምር ዓይነት ስለሆነ «ግፊት ወረደ» ይላል። «አብሽር፣ ሞተርህ ጤነኛ ነው» አልኩትና ለጌጆቹ ብቻ የሆነ አንድ ሽቦ እስከ ሞተሩ ብሎክ ድረስ ዘርግቼ፣ የሚያርፍበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፍቄ አሰርኩለት። ሥራው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም፤ ልጁ ግን ሦስት ዕቃ ከስሯል።

ከዚሁ ጋር መነሳት ያለበት፣ ሞተር ወርዶ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሞተሩንና ቦዲውን የሚያገናኘው ወፍራም የማሳ ገመድ ነው። እሱ ከሌለ የሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ከረንት መመለሻ ፍለጋ ባገኘው ይሄዳል፤ የነዳጅ ፔዳል ገመድ በዚህ ምክንያት ግሎ ሲያጨስ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ቴፍሎን በዛ ሲል ዘይት አያፈስም» የሚሉም አሉ፤ ቴፍሎን ማፍሰስን ለመከላከል ጥርስ ላይ የሚጠቀለል፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ፕላስቲክ ነው። ሽቦው አንድ ብቻ የሆነ ሴንሰር ማሳውን የሚያገኘው በሚጠመዘዝበት ጥርሱ በኩል ስለሆነ፣ ጥርሱን በቴፍሎን እየጠቀለሉ ንባብ መጠበቅ ማብሪያውን አጥፍቶ መብራት እንደመጠበቅ ነው። ጥርስን ካነሳን፣ የብዙ ጃፓን ሠራሽ ሞተሮች የዘይት ቀዳዳ በኢንች 28 ጥርስ ያለው ነው፤ ከጌጅ ጋር የሚመጣው ሴንሰር ደግሞ ብዙ ጊዜ 27 ነው። በዓይን አይለዩም፤ መጀመሪያ ላይም ይገባል፤ ከዚያ ሲጠብቅ «ቁልፍ ጨምርበት» የሚል አይጠፋም። መቀየሪያ አገናኝ መግዛት ከተሰነጠቀ የሞተር ቤት ይረክሳል።

«ሴንሰር ሴንሰር ነው» የሚለው ደግሞ በአንድ ምሳሌ ይበቃዋል። አንዱ ጌጅ ከ10 እስከ 180 ኦም (የሬዚስታንስ መለኪያ) ለሚሄድ ሴንሰር ተሠርቷል፤ ሌላው ከ240 ወደ 33 ለሚወርድ። ከተደባለቁ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ መርፌው ጥግ ድረስ ይወጣል፣ ሞተሩ ሲነሳ ይወርዳል። ጌጁና ሴንሰሩ የሚገዙት አብረው ነው።

በእኛ አካባቢ ብቻ የምሰማው ስህተትም አለ፤ «ደሴ ላይ የቱርቦ ጌጁ በሚኒሞ ዝቅተኛ ቫኪዩም ያሳያል፤ ሞተሩ ደክሟል» የሚል። ሚኒሞ ማለት ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር ነው፤ ቫኪዩም ደግሞ ከውጭው አየር ያነሰ ግፊት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ጌጁ የሚያነበው በውጭው አየርና በማኒፎልዱ (በሞተሩ አየር ማስገቢያ) ውስጥ ባለው ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ የውጭው አየር ሲሳሳ ልዩነቱ ያንሳል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ንባቡ 1 ኢንች ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያ) ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ መመሪያው ላይ 20 ኢንች የተጻፈለት ሞተር ደሴ ላይ 12 ገደማ ቢያሳይ ሕመም የለበትም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ሲመጡ 2 ኢንች ያህል ጨምሮ ያገኙታል፤ አንድ ደንበኛዬ በዚህ የተነሳ መኪናው እኔን ሲያይ እንደሚድን እስከ ዛሬ ያምናል።

ሙቀት ላይም እንደዚሁ ነው። ውሃ በክፍት ድስት ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ጌጁ 95 ሲያሳየው መኪናውን ዳር ያቆማል። ጤነኛ የራዲያተር ክዳን 0.9 ባር ያህል ግፊት ስለሚይዝ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ካረጀ ግን ያው 95 ዲግሪ የፈላ ውሃ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ክዳኑን ለውጡ። ውሃው ጎድሎ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ከቀረ ደግሞ ሞተሩ እየነደደ መርፌው ሊወርድ ይችላል፤ ድንገት የወረደ መርፌ ከወጣው ይልቅ ሊያስፈራችሁ ይገባል።

የጌጅ ፖዘቲቭ በቀጥታ ከባትሪ አይወሰድም፤ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር፣ በ3 አምፔር ፊውዝ በኩል ይወሰዳል። ፊውዙ የሚጠብቀው ጌጁን ሳይሆን ሽቦውን ስለሆነ ቦታው የመስመሩ መነሻ ነው። የሞቀ ዘይት በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ጋቢና የሚያስገባውን የድሮ ጌጅ «ይበልጥ ትክክል ነው» ብላችሁ የምታስገጥሙም ቱቦው ከእግራችሁ በላይ እንደሚያልፍ አትርሱ።

«ከፋብሪካ የመጣው ጌጅ ይበቃኛል» ለሚሉኝ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። በብዙ መኪኖች የፋብሪካው የሙቀት መርፌ ከ75 እስከ 105 ዲግሪ ገደማ ባለው መካከል እንዳይንቀሳቀስ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ከሚሌ ወደ ባቲ በቀትር ሽቅብ ስንወጣ ከአንድ ደንበኛዬ ጎን ተቀምጬ የገጠምኩለትን ጌጅ ስከታተል ነበር፤ ከ88 ተነስቶ 103 ሲደርስ መኪናውን አስቆምኩት። የፋብሪካው መርፌ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከመሐል ንቅንቅ አላለም።