ያገለገለ የተራራ ብስክሌት፦ ጀማሪን የሚያሳስቱ ወሬዎች

ያገለገለ የተራራ ብስክሌት ልግዛ ያለ ጀማሪ መካሪ አያጣም። ምክሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዓይን ስለሚስበው ነገር ነው። ገንዘብ የሚበላው ደግሞ የሚሽከረከረውና የሚፋተገው ክፍል ነው።

«ከኋላም ሾክ ያለው ይሻላል»

በተመሳሳይ ዋጋ ከሆነ ብዙ ጊዜ አይሻልም። የኋላ ሾክ (የመንገዱን ንዝረት የሚውጠው ክፍል) ብቻውን አይመጣም፤ የቴላዮ (የብስክሌቱ ዋና አካል) መገጣጠሚያና ኩሽኔታ ይዞ ነው የሚመጣው። ሁሉም ያልቃሉ፣ ሁሉም ሰርቪስ ይፈልጋሉ። የፊት ሾክ እንኳ በየ50 ሰዓት መንዳት ቀላል ሰርቪስ እንዲደረግለት የሚያዙ አምራቾች አሉ። ይህን የሚያደርገው ባለቤት ስንቱ እንደሆነ እናንተው ገምቱ። በዚያው ገንዘብ ከፊት ብቻ ሾክ ያለው ደህና ብስክሌት ይገኛል። ለጀማሪ እሱ ይበቃል።

የግድ ባለሁለት ሾክ ካላችሁ፣ ኮርቻውን ያዙና ጎማው መሬት ሳይለቅ ትንሽ ወደ ላይ ሳብ፣ ለቀቅ አድርጉት። ቋ ቋ ካለ የሆነ ቦታ ላልቷል ወይም አልቋል። የፊት ሾክ ላይ ደግሞ ገባ ወጣ የሚለውን ለስላሳ ቧንቧ በጥፍራችሁ ከላይ እስከ ታች ዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካገኛችሁ ዘይት ማፍሰሱ አይቀርም፤ ቧንቧውን መቀየር ደግሞ ውድ ነው።

«ካብረቀረቀ ብዙ አልተነዳም»

አጥቦ ቅባት መቀባት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ካቴናውን ግን ማስመሪያ ያጋልጠዋል። የማስመሪያውን ዜሮ የካቴናው አንድ ፒን (ዓይኖቹን የሚያያይዘው ትንሽ ዘንግ) መሃል ላይ አድርጉና 12 ኢንች ላይ ያለውን ተመልከቱ። አዲስ ካቴና ከሆነ እዚያም ልክ የፒን መሃል ታገኛላችሁ። ፒኑ በ1.5 ሚሊሜትር ገደማ ካለፈ ካቴናው መቀየሪያው ደርሷል። ወደ 3 ሚሊሜትር ከተጠጋ የኋላ ጥርሶቹንም ሳይበላቸው አልቀረም። ያኔ አዲስ ካቴና ብቻ ብትገጥሙ ጠንከር አድርጋችሁ ስትረግጡ ይዘላል። የሁለቱንም ዋጋ ከመደራደሪያው ላይ ቀንሱ።

«21 ማርሽ ከ12 ይበልጣል»

በቁጥር፣ አዎ። ግን የፊት ሦስቱና የኋላ ሰባቱ ሲባዙ ብዙዎቹ ሲረገጡ ተመሳሳይ ክብደት ይሰጣሉ። ከፊት 24፣ 34 እና 42፣ ከኋላ ከ14 እስከ 28 ጥርስ ያለውን እንውሰድ። በቀላሉና በከባዱ ማርሽ መካከል ያለው ልዩነት 3.5 እጥፍ ነው። ከፊት አንድ፣ ከኋላ ከ10 እስከ 52 ጥርስ ያለው ባለ12 ግን 5.2 እጥፍ ይሄዳል። የፊት መቀያየሪያ ስለሌለውም የሚበላሽ ነገር ይቀንሳል።

«ልኩ ባይሆንም ኮርቻውን ማስተካከል ነው»

ኮርቻ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ቴላዮ ግን አይረዝምም። ከኮርቻ እስከ መሪ ያለው ርቀት ካልተመቻችሁ ወገብና ትከሻ ይከፍላሉ። የኮርቻው ዘንግ ላይ «ከዚህ በላይ አታውጡ» የሚል ምልክት አለ። ለእናንተ ቁመት እሱ ምልክት ከወጣ፣ ብስክሌቱ ትንሽ ነው። በቃ፣ ሌላ ፈልጉ።

«26 ኢንች ጎማ አሮጌ ነው፣ አይረባም»

ለመማር ይረባል። 29 ኢንች ጎማ ድንጋይና የዛፍ ሥር ላይ በቀላሉ ያልፋል፣ ለ26 የሚሆን ጥሩ ጎማም እንደ ድሮው አይበዛም። እውነቱ ይኸው ነው። ዋጋው ከረከሰና ቴላዮው ጤነኛ ከሆነ ግን አትናቁት። «በኋላ 29 እገጥምበታለሁ» ብላችሁ ብቻ አትግዙ፤ አብዛኛውን ጊዜ አይገባም።

«ትንሽ ማስተካከል ብቻ ነው የሚፈልገው»

ትንሽ ከሆነ ሻጩ ለምን አላስተካከለውም? የፊት ፍሬኑን ጨብጣችሁ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ግፉት፤ መሪው ሥር የሚነቃነቅ ነገር ካለ ወይ ላልቷል ወይ ኩሽኔታው ሄዷል። የፔዳሉን ክንድ ወደ ጎን ነቅንቁት፤ እሱም ከተነቃነቀ ያው ነው። የዘይት ፍሬን ከሆነ ደግሞ እጀታው እስከ መሪው ድረስ ሲሰምጥ እንዳይሆን፤ አየር ገብቶበት ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ገልብጡትና ፔዳሉ ከሚዞርበት ሥር ያለውን የቴላዮ ቁጥር ፈልጉ። ቁጥሩ ተፍቆ ካገኛችሁት የተሰረቀ ሊሆን ይችላልና፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ትታችሁት ሂዱ።