«ወርቁ ካለ ሰይፉ አይጠፋም» እና ሌሎች የአስማት ዕቃ ገበያ ስህተቶች

የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ወይም የፓዝፋይንደር (ሁለቱም በዳይስና በምናብ ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱ የጠረጴዛ ጨዋታዎች ናቸው) ቡድን ወርቅ ማጠራቀም ሲጀምር ክርክሩ ከጭራቆቹ ወደ ገበያው ይዞራል። ተጫዋቹ አንድ ዋጋ የሆነ ቦታ አይቶ ይመጣል፤ ዲኤሙ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራው፣ ሌላ መጽሐፍ ይገልጣል። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው ከሚከተሉት አመለካከቶች ነው።

«የ+1 ሰይፍ ዋጋ የታወቀ ነው»

በየትኛው እትም? በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ 3.5 እትም (2003) ለ+1 ጭማሪው (አስማቱ ዳይስ ላይ ለሚጨምረው ነጥብ) 2,000 ወርቅ፣ ለጥራት ሥራው 300፣ ለሎንግሶርዱ (ለረጅሙ ሰይፍ ራሱ) 15፣ በድምሩ 2,315 ወርቅ ይከፈላል። በ4ኛው እትም (2008) 360 ነው። በፓዝፋይንደር ሁለተኛ እትም መሣሪያ ላይ የሚቀረጸው +1 ሩን (አስማታዊ ምልክት) 35 ወርቅ ብቻ ያወጣል። በ2024ቱ የ5ኛው እትም የዲኤም መጽሐፍ ደግሞ 400 ነው፤ የሰይፉ የራሱ ዋጋ ይጨመርበታል።

ሰይፉ በአራቱም ያው ነው፣ የተለየው ወርቁ ነው። እያንዳንዱ ጨዋታ ዋጋውን የተመነው ገጸ ባሕርይው በየደረጃው ኪሱ ውስጥ ይኖረዋል ተብሎ ከሚታሰበው ገንዘብ አንጻር ነው። ዋጋው የሚናገረው ዕቃው መቼ እጅ እንዲገባ እንደታሰበ እንጂ ብረቱ ስንት እንደሚያወጣ አይደለም። ከአንዱ መጽሐፍ ዋጋ፣ ከሌላው የሀብት መጠን እየወሰደ የሚያዳቅል ቡድን በሁለት ሴሽን (የጨዋታ ቀጠሮ) ውስጥ ወይ ሁሉን ይገዛል ወይ ምንም አይገዛም።

«ውድ ከሆነ ኃይለኛ ነው»

በ5ኛው እትም ዋጋ የሚወጣው ከብርቅነት ነው። በ2024 ኮመን (ተራ) 100፣ አንኮመን (ያልተለመደ) 400፣ ሬር (ብርቅ) 4,000፣ ቬሪ ሬር (እጅግ ብርቅ) 40,000፣ ሌጀንደሪ (አፈ ታሪካዊ) 200,000 ወርቅ ነው። ከድግምት ጥቅልል በስተቀር አንዴ ተጠቅመውበት የሚያልቅ ዕቃ፣ እንደ ጠርሙስ መድኃኒት ያለው፣ ግማሹን ያወጣል።

አሁን ሁለት የመብረሪያ ዕቃዎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የሚበረው መጥረጊያ አንኮመን ነው፤ ከባለቤቱ ጋር አቲዩንመንት (አስማታዊ ትስስር) አይጠይቅም፣ በየተራው 50 ጫማ ይበራል፣ ዕለታዊ የሰዓት ገደብም የለውም። የመብረሪያው ጠርሙስ ቬሪ ሬር ነው፤ ጠጪውን ለአንድ ሰዓት፣ በእግሩ በሚሄድበት ፍጥነት ያበርረዋል፣ ከዚያ አለቀ። በሠንጠረዡ መሠረት መጥረጊያው 400፣ ጠርሙሱ 20,000 ወርቅ ነው። ሃምሳ መጥረጊያ በአንድ ጠርሙስ ዋጋ! ነገሩን ይበልጥ የሚያስቀው ለ10 ደቂቃ የሚያበርረው የ3ኛ ደረጃ ድግምት ጥቅልል ራሱ አንኮመን መሆኑ ነው።

ስለዚህ ዲኤም ዋጋ ከማውጣቱ በፊት ያንኑ ሥራ የሚሠሩ ሌሎች ዕቃዎችን ይፈልግ፣ በመካከላቸውም ይተምን። መጥረጊያውን ወደ ሬር ማሳደግና 4,000 ማለት ምክንያታዊ ነው። ጠርሙሱን ደግሞ ሱቅ ውስጥ ከመደርደር በሀብት ክምችት ውስጥ ተገኝቶ እንዲወሰድ መተው ይሻላል፤ በ20,000 የሚገዛው የለም።

በፓዝፋይንደር 2 ግን ሬር የሚባለው ዕቃውን ማግኘት ስለሚያስቸግር ነው። ኃይሉን የሚናገረው የዕቃው ደረጃ ነው፣ ዋጋውም ከደረጃው ጋር ይሄዳል። የአንደኛ ደረጃ ሬር ዕቃ ሊኖር ይችላል፤ ርካሽ ነው፣ ግን ዲኤሙ ካልፈቀደ አይሸጥም።

«የ3.5 ፎርሙላ አለ፣ መደመርና ማባዛት ይበቃል»

የ3.5 ሒሳብ ውበት አለው። የመሣሪያ ጭማሪ ራሱን በራሱ ተባዝቶ በ2,000፣ የጥሩር ጭማሪ ደግሞ በ1,000 ይባዛል። ለጥቅልል የድግምቱ ደረጃ በደጋሚው ደረጃ ተባዝቶ በ25፣ ለጠርሙስ በ50፣ 50 ጊዜ ለሚሠራ በትር በ750 ይባዛል። ሳይቋረጥ የሚሠራ ዕቃ በ2,000፣ በትእዛዝ ቃል የሚሠራ በ1,800።

ችግሩ የሚመጣው በመጨረሻዎቹ ሁለቱ ነው። ሜጅ አርመር የ1ኛ ደረጃ ድግምት ነው፣ መከላከያ ላይ +4 ይጨምራል። ሳይቋረጥ የሚሠራበት ቀለበት ይሠራ ቢባል 1 × 1 × 2,000፣ ማለትም 2,000 ወርቅ ይሆናል። ነገር ግን ያንኑ +4 የሚሰጠው የክንድ አምባር እዚያው መጽሐፍ ውስጥ 16,000 ተብሎ ተጽፏል። ሌላም አለ፦ ቀላል ቁስል የሚፈውሰው ድግምት በትእዛዝ ቃል ያለ ገደብ ይሥራ ቢባል 1,800 ወርቅ ይወጣል። በአማካይ 5.5 የሕይወት ነጥብ በየዙሩ ስለሚፈውስ 100 ነጥብ የጎደለበትን ተዋጊ ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያድነዋል፣ ቀጥሎም የሚቀጥለውን፣ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ።

መጽሐፉ ራሱ ፎርሙላውን ያቀረበው ለግምት ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ከተመሳሳይ ዕቃ ጋር ማወዳደር፣ ተመሳሳይ ከጠፋ ብቻ ማስላት፣ የወጣው ቁጥር ከሚያስቡት በታች ከሆነ ቁጥሩን መጣል። ፎርሙላውን ይዞ የሚመጣው ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን እርምጃ ዘሎ ነው።

«ወርቁ ካለ ሰይፉ አይጠፋም»

በ2017 ለ5ኛው እትም የወጣው የዛናታር መጽሐፍ ግዢን እንደ ደላላ ሥራ ነው የሚያየው። ሻጭ ለመፈለግ ቢያንስ አንድ የሥራ ሳምንት፣ ማለትም አምስት ቀን፣ እና 100 ወርቅ ያስፈልጋል። ከዚያ የማግባባት ችሎታ በባለ 20 ገጽ ዳይስ ይፈተናል። ለተጨማሪ ሳምንት ወይም ለተጨማሪ 100 ወርቅ +1 ይገኛል፣ ከ+10 ግን አይበልጥም። ድምሩ ዕቃው ከየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚወጣ ይወስናል።

+1 መሣሪያ ያለበት ሠንጠረዥ 26 ይፈልጋል። በማግባባት +5 ያለው ገጸ ባሕርይ ጊዜ ሳያባክን +10ን በወርቅ ቢሞላ 1,100 ወርቅ ከፍሎ ዳይሱ ላይ 11 ወይም ከዚያ በላይ ማግኘት አለበት፤ ይህም ልክ 50 በመቶ ነው። ቢሳካለት የአንኮመን ዋጋ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ተጥሎ የወጣው በ100 ሲባዛ ነው፣ በአማካይ 350 ወርቅ። ፍለጋው ከሰይፉ ሦስት እጥፍ አስወጣ ማለት ነው። በወርቅ ፋንታ ሳምንት የሚከፍል ቡድን ብዙ ያተርፋል፤ ስለዚህ ዲኤሙ የሚያስቸኩል ጉዳይ ከሌለው ሕጉ ጥርሱን ያጣል።

በ3.5 ደግሞ ገደቡ የቦታው ነው። በመንደር ከ200 ወርቅ በላይ የሚያወጣ ዕቃ አይገኝም፣ በትንሽ ከተማ ከ800፣ በትልቅ ከተማ ከ3,000 በላይ። ስለዚህ የ2,315ቱ ሰይፍ ፍለጋ ከትልቅ ከተማ ይጀምራል። የሚረሳው የሻጩ ወገን ነው፦ በአንድ ቦታ ያለው ጥሬ ገንዘብ የገደቡ ግማሽ በነዋሪው አንድ አሥረኛ ሲባዛ ነው። 90 ሰው የሚኖርበት፣ ገደቡ 100 የሆነ ጎጥ በሙሉ ኪሱ ቢራገፍ 450 ወርቅ ነው የሚኖረው። እዚያ ሰይፍ ለመሸጥ መሞከር ድካም ነው።

«ሲሸጥ ግማሽ ዋጋ ያመጣል»

በ3.5 እና በፓዝፋይንደር 2 አዎ። በ4ኛው እትም ግን አንድ አምስተኛ ነው። በዛናታር ሕግ አንድ ሳምንትና 25 ወርቅ ወጥቶበት ፈተናው 10 እና ከዚያ በታች ከሆነ ግማሽ፣ እስከ 20 ሙሉ ዋጋ፣ ከዚያ በላይ አንድ ተኩል እጥፍ ይገኛል።

በ3.5 አሮጌውን ሸጦ አዲስ መግዛት ያከስራል። +1 ሰይፍን በ1,157 ተኩል ሸጦ +2 በ8,315 ለመግዛት 7,157 ተኩል ከኪስ ይወጣል። ያንኑ ሰይፍ ወደ +2 ማሳደግ ግን ልዩነቱን ብቻ፣ 6,000 ነው። በፓዝፋይንደር 2ም ሩን ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ማዛወር የሩኑን ዋጋ 10 በመቶ ብቻ ያስከፍላል።

«ርካሹ ፈውስ ጠርሙሱ ነው»

በ3.5 የቀላል ፈውስ ጠርሙስ 50 ወርቅ፣ ጥቅልሉ 25 ነው። 750 የሚያወጣው በትር ውድ ይመስላል፣ ግን ለ50 ሲካፈል በአንዴ 15 ወርቅ ነው። አራት ሆነው የሚያዋጡ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው 187 ተኩል ወርቅ ይከፍላሉ፣ በአማካይ 275 ነጥብ ፈውስ ይገዛሉ። ጠርሙሱ የሚያዋጣው በትሩን መጠቀም የሚችለው ሰው ራሱ ሲወድቅ ነው፤ ለዚያ አንድ ሁለት መያዝ ይበቃል።

«ራስ መሥራት ግማሽ ነው»

በወርቅ ብቻ ከታየ። በ3.5 የ8,000 ወርቅ ጭማሪ 4,000 ወርቅ፣ 320 የልምድ ነጥብና 8 ቀን ይበላል፣ የሚሠራውም ሰው ለዚሁ የሚሆን «ፊት» (feat፣ ልዩ ችሎታ) መያዝ አለበት። በ2024 ሬር ዕቃ 2,000 ወርቅና 50 ቀን ይጠይቃል።

«አይደንቲፋይ ከተደረገ አያታልልም»

በ5ኛው እትም አይደንቲፋይ የተባለው ድግምት የዕቃውን ሥራ ይናገራል፣ እርግማኑን ግን ብዙ ጊዜ አያሳይም። ዲቴክት ማጂክ ከዚያም ያነሰ ነው፤ አስማት መኖሩንና ዓይነቱን ብቻ ነው የሚያሳየው። ካልታወቀ ሻጭ የሚገዛ ቡድን ማድረግ የሚችለው ይህ ነው፦ ገዢው ሪሙቭ ከርስ መድገም የሚችል ሰው አጠገቡ ሳይኖር አቲዩን አያድርግ። ድግምቱ የ3ኛ ደረጃ ስለሆነ ቄሱ ወይም ጠንቋዩ ቢያንስ 5ኛ ደረጃ መድረስ አለበት። እርግማኑ ከዕቃው ላይ አይለቅም፣ የባለቤቱ ትስስር ግን ስለሚበጠስ መወርወር ይቻላል። ገንዘቡን ማስመለስ ሻጩ ገና ከተማው ውስጥ ካለ ነው።