የዝንብ ልብ አረጀ ሲባል ምን ማለት ነው?

ከመጠን በላይ የበሰለ ሙዝ ላይ የምታንዣብበዋን ትንሽዬ ዝንብ ታውቋታላችሁ። ልብ አላት። ጀርባዋ ሥር የተዘረጋ፣ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ቱቦ ነው። ግን ይመታል።

ሳይንቲስቶች «ሞዴል እንስሳ» (የሰውን አካል ለመረዳት የሚያጠኗት እንስሳ) ሲሏት ብዙ ሰው ግር ይለዋል። ልቧ የሰው ልብ ቅጂ ነው ማለት አይደለም። ልብን የሚሠሩት ጂኖች ይመሳሰላሉ ለማለት ነው። «ቲንማን» የሚባለው ጂን ከሌላት ልብ አይኖራትም። የእኛው አቻ ጂን ሲበላሽ ደግሞ ሕፃን የልብ ችግር ይዞ ሊወለድ ይችላል።

ትልቁ ጥቅሟ ዕድሜዋ ነው፤ ቢበዛ ሁለት ሦስት ወር ብትኖር ነው። ስለዚህ እርጅናዋን ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል። የወጣቷ ልብ እኩል ይመታል። የአሮጊቷ ምት ይዛባል፤ በኤሌክትሪክ ሲያጣድፉትማ ቶሎ እጅ ይሰጣል። በ2004 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ልቧ ውስጥ ብቻ የኢንሱሊን ምልክት (ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ለሕዋሳት የሚያስተላልፈው መልእክት) ሲቀነስ ይህ ድካም ይቀንሳል።

ደሟ ኦክስጅን አያመላልስም፤ አየር የሚደርሳት በቀጫጭን ቱቦዎች ነው። ልቧ ቢታወክም ወዲያው አትሞትም፣ ለተመራማሪ ደግሞ ይሄ ሲሳይ ነው። የልብ ደም ሥር መዘጋትን ግን ከእሷ አትጠብቁ፤ ደም ሥሩ ራሱ የላትም።