«ጀርሙ ሳምባዬን በላው» እና ሌሎች ስለ ቲቢ የምንሰማቸው ነገሮች

በቀደም ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚኒባስ ስመጣ ከኋላ ወንበር አንድ ወጣት ይስላል። አክታ ያለው፣ ከሥር የሚመጣ ሳል ነው። ጋቢ የደረቡ እናት «ልጄ፣ መስኮቱን ዝጋው፤ ንፋሱ ነው እንዲህ የሚያስለው» አሉ። ረዳቱ «እሽ እናቴ» ብሎ ግጥም አድርጎ ዘጋው። ሁላችንም አንዱን አየር እየተቀባበልን ፒያሳ ደረስን።

እኔ ጎንደር ውስጥ ለዓመታት አክታ በማይክሮስኮፕ ሳይ የኖርኩ የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ያን ቀን ዝም ማለቴ ይቆጨኛል። ያላልኩትን እዚህ ልበለው።

«ቲቢ የብርድ በሽታ ነው»

አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ አምጪውን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ የተናገረው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነው። የታመመ ሰው ሲስል ከሚረጨው ውስጥ በጣም ደቃቆቹ ጠብታዎች፣ ከ1 እስከ 5 ማይክሮን የሚሆኑት፣ በተዘጋ ቤት ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ። የጎንደር ብርድ ጥፋቱ መስኮት ማዘጋቱ ነው።

«በዘር ይተላለፋል» የሚባለውም ያው ነው። እናትና ልጅ የሚጋሩት አንድ ክፍል አየር ነው። ሲኒና ማንኪያ መለየትም ታማሚውን ከማሳዘን በቀር የሚፈይደው የለም።

«ጠንካራ ሰው ሰውነቱ ጀርሙን ወዲያው ይገድለዋል»

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጠብታዋ እስከ ሳምባ ጫፍ፣ እስከ ትንንሾቹ የአየር ከረጢቶች ትወርዳለች። እዚያ ማክሮፋጅ የሚባል ዘብ አለ። ሥራው መዋጥ ነው፦ አቧራም፣ የማገዶ ጭስም፣ ጀርምም አይመርጥም። የዋጠውን በአሲድና በኢንዛይም ያሟሟዋል። የቲቢ ባክቴሪያ ግን መዋጡ አያስጨንቀውም። የተቀመጠባት ከረጢት ከአሲዱ ጋር እንዳትገናኝ መንገዱን ይዘጋል። ከዚያ እዚያው ዘቡ ሆድ ውስጥ ይራባል። ቸኩሎም አይደለም። ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ሁለት ይሆናል፤ ይኼኛው አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል።

ልብሱ ደግሞ ሰም ነው። ስላይዱ ላይ ቀይ ቀለም አፍስሰን ከሥሩ በእሳት እናሞቀዋለን፤ ከዚያ በአሲድና በአልኮል እናጥበዋለን። ሌላው ሁሉ ቀለሙን ይለቃል፣ እሱ አይለቅም። ሰማያዊ ቀለም ሲጨመርበት፣ በሰማያዊው መሐል እንደ ቀይ ክር ብጥስጣሽ ሆኖ ይታያል። (የቅኔ አገር ሰዎች ይቅር በሉኝ፤ የዚህ ሰሙ እንጂ ወርቁ አልተገኘም።)

ወሬው ወደ ንፍፊት ደርሶ ቲ-ሴሎች የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች እስኪዘጋጁ ሳምንታት ያልፋሉ። ስለዚህ «ወዲያው» የሚባል ነገር የለም። ሲደርሱ ግን ኢንተርፌሮን ጋማ በሚባል መልእክት ማክሮፋጁን ያነቃቁታል። ሴሎቹ ባክቴሪያውን ከበው ተደራርበው ይቆማሉ፣ ልክ እንደ ድንጋይ ካብ። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ በባክቴሪያው ተይዟል ተብሎ ይገመታል። በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ግን ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 ናቸው። የቀሩት ካቡ ይዞላቸው ይኖራሉ፤ አይታመሙም፣ ወደ ሌላ ሰውም አያስተላልፉም።

«ጀርሙ ሳምባዬን በላው»

ይህችን ስንት ጊዜ ሰማኋት! ራጁ ላይ ክብ ቀዳዳ ይታያል፤ በላተኛው ጀርሙ ነው ይባላል። እውነቱ ግን ያስገርማል። ሳምባን አያይዞ የያዘው ማገር ኮላጅን ነው፤ እሱን የሚበጣጥሱት ኢንዛይሞች ደግሞ በአብዛኛው ከእኛው ሴሎች የሚወጡ ናቸው።

የአየር ከረጢቱን ግድግዳ የለበሱት የሳምባ ሴሎች ዝም ብለው የሚደበደቡ ጡቦች አይደሉም። አንዳንዶቹ ከረጢቱ እንዳይጣበቅ ሳሙና መሰል ፈሳሽ ያመነጫሉ፤ በፈሳሹ ውስጥ ባክቴሪያው ላይ የሚለጠፉ ፕሮቲኖች አሉ። አደጋ ሲያዩም በኬሚካል ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራሉ። ችግሩ የተያዘው ማክሮፋጅም ለእነዚሁ የሳምባ ሴሎች መልእክት መላኩ ነው። መልእክቱ ሲበዛ እነሱም ኮላጅን ቆራጭ ኢንዛይም መርጨት ይጀምራሉ። ኒውትሮፊሎች የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ተጠርተው ይመጣሉ፣ እዚያው ፈንድተው የያዙትን ያፈሳሉ። የካቡ መሐል ይሞትና አይብ ይመስላል። ሐኪሞችም በቋንቋቸው የሰየሙት በአይብ ነው። አይቡ ወደ አየር ቧንቧው ሲፈስ ባዶው ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። አየር እንደልብ ነው፤ ባክቴሪያው ይራባል፣ በሳል ይወጣል።

መከላከያው ሲያንስ ካቡ ይፈርሳል፤ ሲበዛ ሳምባው ይቦረቦራል። ቲኤንኤፍ የሚባለውን የቁጣ መልእክት የሚያፍኑ የመገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒቶች ተኝቶ የኖረ ቲቢ ሊቀሰቅሱ የሚችሉት ለዚህ ነው።

«ራጁ ላይ ቀዳዳ ከሌለ ቲቢ የለም»

ሲዲ4 የሚባሉት ቲ-ሴሎቹ በኤችአይቪ የተመናመኑበት ሰው ቀዳዳ የሚቦረቡሩ ሴሎችን የሚያዘምትበት አቅም ያንሰዋል። ራጁ ብዙም ላያሳይ፣ አክታውም በማይክሮስኮፕ ነጻ ሊመስል ይችላል። በሽታው ግን እየከፋ ነው። እንዲህ ላለው ሰው የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልገው ምርመራ፣ ጂን ኤክስፐርት፣ ይሻላል።

«መድኃኒት ጀምሬ ንፍፊቴ ይባስ አበጠ፤ አልሠራም ማለት ነው»

የንፍፊት ቲቢ አገራችን ውስጥ ብዙ ነው፤ ይህ አቤቱታም እንዲሁ። አንዳንዴ ባክቴሪያው እየሞተ ሳለ መከላከያው በፍርስራሹ ላይ ይቆጣል፣ እብጠቱም ይጨምራል። የኤችአይቪ መድኃኒት አብሮ ሲጀመር ደግሞ ያገገሙት ቲ-ሴሎች በአንዴ ይዘምታሉ። መድኃኒቱን ለተላመደ ባክቴሪያና ለዚህ ቁጣ የሚሰጠው መልስ ስለሚለያይ ሐኪሙ ይመልከተው። እናንተ ግን በራሳችሁ አታቁሙ።

«ሳሉ ከጠፋ ድኛለሁ»

ሳሉ የሚጠፋው ንቁዎቹ ቶሎ ስለሚሞቱ ነው። አይቡ ውስጥ የደም ሥር የለም፤ መድኃኒት በደንብ አይደርስም። እዚያ ያደፈጡት ደግሞ አይራቡም ማለት ይቻላል፣ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ግን የሚራባውን ነው የሚያጠቁት። ለተለመደው ቲቢ 2 ወር አራት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር ሁለት መድኃኒት ይሰጣል፤ ይህን ያህል የሚረዝመው ለእነዚህ ለተኙት ሲባል ነው።

«በልጅነቴ ተከትቤያለሁ»

ክንዳችሁ ላይ ያለችው የቢሲጂ ጠባሳ ሕፃን ሳላችሁ ከማጅራት ገትር ቲቢና በሰውነት ሁሉ ከሚሰራጨው ዓይነት ለመጠበቅ ነበረች። ለአዋቂ ሳምባ ብዙም አትታመንም።

«ክኒኑ ኩላሊቴን አቃጠለው፣ ሽንቴ ደም መሰለ»

ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ ያመጣው ቀለም ነው። ላብና እንባም ቀለም ይይዛሉ፤ ነጭ ነጠላ ለብሳችሁ ብታለቅሱ ይታይባችኋል።