የታተሙ የግእዝ መዛግብተ ቃላት፦ በሰሜን ሸዋ ላለ ተማሪ

የታተመ የግእዝ መዝገበ ቃላት በሰሜን ሸዋ የሚፈልጉት ሁለት ዓይነት ተማሪዎች ናቸው። አንደኛው ግስ በቃሉ የያዘ የአብነት ተማሪ ነው። ሁለተኛው ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ ወይም ሸዋ ሮቢት ተቀምጦ ከሥራ ወይም ከትምህርት ሰዓት ውጭ ግእዝ የጀመረ ሰው ነው። ለሁለቱም አንድ መጽሐፍ እኩል አይመችም። ልዩነቱን የሚያመጣው የመጽሐፉ ውፍረት ወይም የቃላቱ ብዛት ሳይሆን የቃላቱ አደራደር ነው።

ታሪክ

የግእዝ መዝገበ ቃላት ኅትመት በአውሮፓ የተጀመረው በ17ኛው መቶ ዘመን ነው፤ በዚያ ዘመን ስሙ የገነነው የጀርመናዊው የሂዮብ ሉዶልፍ ሥራ ነው። ከእርሱ በኋላ የአውጉስት ዲልማን ትልቁ ሥራ በ1865 እ.ኤ.አ. ላይፕዚግ ላይ ወጣ።

ሸዋም በመዝገበ ቃላት ሥራ ቀላል የማይባል ስም አላት። በ1839 እ.ኤ.አ. ኢዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉ ጀርመናውያን ሚስዮናውያን ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወደሚገዙት ሸዋ መጡ። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ተመለሱ፤ ክራፕፍ እስከ 1842 ቆዩ። የኢዘንበርግ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ1841 ለንደን ታተመ። ኢዘንበርግ ወደ ሸዋ ከመምጣታቸው በፊት በትግራይ ዓመታት ስላሳለፉ ሥራውን ሁሉ ለንጉሡ መቀመጫ ለአንኮበር መስጠት አይገባም፤ ቢሆንም አንኮበር ከታሪኩ አትወጣም። መጽሐፉ ዛሬ ለታሪክ አጥኚ እንጂ ለግእዝ ተማሪ አይጠቅምም።

ለተማሪው የሚጠቅመው ሥራ ከሦስት ሊቃውንት እጅ የመጣ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አወረሱት። ብዙ ዘመናቸውን በኢየሩሳሌም ያሳለፉት እኚህ ታላቅ የሸዋ ሊቅ እስከ ዕድሜያቸው ማምሻ ሲያስፋፉትና ሲያርሙት ኖሩ። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ተማሪያቸው ደስታ ተክለ ወልድ ለኅትመት አብቅተው በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አሳተሙት። ርእሱ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ይባላል። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ የተጻፈ፣ በስፋቱ የሚተካከለው የለም ማለት ይቻላል።

የኪዳነ ወልድ አደራደር

ፊደሉ የሚሄደው በአበገደ ተራ ነው፦ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ፣ ሀ፣ ወ፣ ዘ እያለ። ሀሁን ብቻ የሚያውቅ ሰው «ሀሎ»ን ፈልጎ መጀመሪያው ገጽ ላይ ቢሄድ አያገኘውም፤ ሀ አምስተኛ ነው። መፍትሔው ተራውን በአንድ ብጣሽ ወረቀት ጽፎ ከሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ መለጠፍ ነው። የመጽሐፉን ጠርዝ በቀለም እየለዩ ፊደሎቹን ማመልከት ደግሞ ከዚህም ይበልጣል።

ግሱ የሚቀመጠው በንዑስ አንቀጹ፣ ማለትም በአማርኛ «መሄድ» እንደምንለው ባለ ቅርጹ ነው። «ሐዊር፡ ሮት» ተብሎ ይጀምርና በቅንፍ «ሖረ፡ የሐውር፡ ይሑር» ይላል፤ «ሮት» የተባለው «ሐዊሮት» ለማለት ነው። በቅንፍ ያሉት ሦስቱ ኃላፊው (ሄደ)፣ ትንቢቱ (ይሄዳል) እና ትእዛዙ (ይሂድ) ናቸው። ጀማሪው ይህን አጻጻፍ እንደ ችግር ያየዋል፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። «ቆመ» ውስጥ የተደበቀው ወ «ቀዊም» ሲባል ይወጣል፤ «ሤመ» ውስጥ ያለው የ ደግሞ «ሠዪም» ሲባል። ትንቢቱም ፊደል የማያሳየውን ጥብቀት ይጠቁማል፦ ቀተለ ይቀትል ይላል፤ ቀደሰ ግን ይቄድስ ነው። ሌሎች ግሶች የሚመሰሉባቸውን ስምንቱን የግስ አርእስት (ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ) ያልያዘ ተማሪ ግን በዚህ መጽሐፍ ብዙ ይንገላታል።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ሥሩን ማግኘት ላይ ነው። «ይፃእ»ን ፀ ላይ የሚፈልግ አያገኘውም፤ ቃሉ «ወፅአ» ሥር ነው። «ይረድ» ከወረደ፣ «ይለድ» ከወለደ ነው። ይ ተነሥቶለት ሁለት ፊደል ብቻ የቀረ ግስ ሲገጥም መጀመሪያ ወ ከፊት ጨምሮ መሞከር፣ ካልሆነ ወ ወይም የ መካከል ማስገባት ነው። አ፣ ተ እና አስተ ከግስ ፊት ይነሣሉ፤ መ ከስም ፊት ይነሣል፦ መቅደስ ወደ ቀደሰ፣ መንግሥት ወደ ነግሠ ይሄዳል። ሁሉም መ ግን ባዕድ (ከሥሩ ውጭ የተጨመረ ፊደል) አይደለም። የ«መሪር» መ የሥሩ ነው፤ አንሥቶ የሚፈልግ በከንቱ ይደክማል።

የሞክሼ ፊደላትም ነገር አለ። ሠረቀ ወጣ ነው፤ ሰረቀ የሌባ ሥራ ነው። ሠዐለና ሰአለ፣ መሀረና መሐረ፣ ኀለየና ሐለየም እንዲሁ የተለያዩ ግሶች ናቸው። በብራናም በታተሙ የጸሎት መጻሕፍትም ፊደሎቹ ስለሚቀያየሩ ቃሉ በአንዱ ሲጠፋ በሌላው መፈለግ ግድ ነው።

ሌላው እንቅፋት አማርኛው ነው። የኪዳነ ወልድ አማርኛ «ኾነ»፣ «ኹሉ» እያለ ይጽፋል፤ ብዙ የቆዩ ቃላትም አሉት። ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከዐረብ ጋር ማነጻጸራቸውንም ጀማሪ ለጊዜው ቢያልፈው አይጎዳም። ፍቺው ራሱ ፍቺ ሲፈልግ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አጠገብ ቢኖር ይረዳል፤ እርሱም የሚሄደው በአበገደ ነው።

ሌሎች

የዲልማን ፍቺ በላቲን ስለሆነ ለአብዛኛው ተማሪ ዝግ ነው፤ ከየመጽሐፉ የሚያወጣው ጥቅስ ግን ለተመራማሪ አይናቅም። የዎልፍ ሌስላው ትልቁ መዝገበ ቃላት (1987 እ.ኤ.አ.) በላቲን ፊደል የተደረደረና በእንግሊዝኛ የተፈታ ነው። የ1989ኙ አጭሩ ግን ግእዙን በፊደሉ፣ በሀለሐመ ተራ ስለሚያስቀምጥ እንግሊዝኛ ለሚያነብ ተማሪ ይቀልላል። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚሸጡት ትንንሽ የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበቃሉ፤ ሦስቱን አንቀጾች (ኃላፊ፣ ትንቢትና ትእዛዝ) የማይሰጥ ከሆነ ግን ያ መጽሐፍ የቃላት ዝርዝር ብቻ ነው።

ሲገዙ የሚታየው

ከመግዛት በፊት አራት ቃላት መፈተሽ ይበቃል፦ መቅደስ፣ ይፃእ፣ ሠረቀ፣ ቆመ። መቅደስ በቀደሰ ሥር መገኘት ወይም ወደዚያ መመራት አለበት። ይፃእ በወፅአ ቅንፍ ውስጥ ይታያል። ሠረቀና ሰረቀ ለየብቻ ይሰፍራሉ። ቆመ ከይቀውምና ከይቁም ጋር ይመጣል። ሁለቱን ካጣ ሌላ ማየት ይሻላል።

ከአሮጌ ቅጂ ፎቶ ኮፒ ተነሥተው የተጠረዙ መጻሕፍት በርካሽ ይገኛሉ። ገጹን በቁጥር ተራ ማየት ነው፤ የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ መካከሉ ነው። ቀለሙ ሲደበዝዝ ኀ ከነ፣ ቍ ከቁ አይለይም፤ በግእዝ ደግሞ ይህ ፍቺ ያስታል።

መካከሉ ሲከፈት ክር ከታየ የተሰፋ ነው፤ ካልታየ በሙጫ ብቻ የተያዘ ነው። በሙጫ የተያዘ ወፍራም መጽሐፍ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ሙቀት ጀርባው ደርቆ ቅጠል ቅጠሉን ይበተናል። በአንኮበርና በመንዝ የክረምት ጉም ደግሞ ወረቀቱ እርጥበት ይስባል፤ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ከማስቀመጥ በማኅደር አድርጎ ከግድግዳ አርቆ መስቀል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ገልጦ ጥላ ውስጥ ማናፈስ ያስፈልጋል። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ማስጣት ሽፋኑን ያጣምመዋል።