«ሳልታመም ዓመቱ አለፈ፤ ገንዘቤ ተበላ»፦ ስለ ጤና መድን የሚነገሩ ስህተቶች

በየዓመቱ መኸር ተሰብስቦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ የሚታደስበት ወቅት ሲደርስ፣ ከጣርማበር እስከ መንዝ አንድ ንግግር ይሰማል፦ «ዓምና ከፈልኩ፤ ከቤቴ ማንም አልታመመም፤ ገንዘቤ ተበላ።» ይህን መስማት ሰልችቶኛል።

ገንዘቡ አልተበላም። የጎረቤት ልጅ በሳንባ ምች ተይዞ ሲታከም ወጪውን የሸፈነው እሱ ነው። መድን እንደ እቁብ ተራው ሲደርስ የሚወጣ ገንዘብ የለውም፤ የሚመስለው እድርን ነው። «ዘንድሮ ሰው አልሞተብኝምና መዋጮዬ ይመለስልኝ» ብሎ የእድር ዳኛ ፊት የቆመ ሰው አይቼ አላውቅም። ለሞት እንዲህ አርቆ የሚያስብ ሕዝብ ለሕመም ሲሆን ለምን እንደሚያመነታ አይገባኝም።

የማውቀው አንድ አባወራ በዚሁ ምክንያት ሳያሳድስ ቀረ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሚስቱን ትርፍ አንጀት ያዛት። ሌሊቱን በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አወጧት፤ ደብረ ብርሃን ደርሳ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ዳነች። እሱ ግን ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጠ። በአንድ በሬ አይታረስምና መሬቱን ለእኩል ሰጠ፤ የዚያ ዓመት ምርቱም ግማሽ ሆነ። የጤና ኢኮኖሚ ባለሙያዎች ለሕክምና ከኪስ የወጣው ገንዘብ ከቤተሰቡ ጠቅላላ ወጪ 10 በመቶ ካለፈ ቤቱን የሚያናጋ ወጪ ይሉታል። በእርሻ ወቅት በሬውን ለሸጠ ገበሬ ይህን ስሌት ማስረዳት አያስፈልግም። የዓመቱ መዋጮ የአንድ መንዝ በግ ዋጋ እንኳ አይሞላም ነበር።

«ሲያመኝ እመዘገባለሁ» የሚሉም አሉ። ምዝገባው በወቅት የተገደበው ይህንኑ ለመከላከል ነው። የታመመ ብቻ ከገባ መዋጮው ሕክምናውን አይችለውም፤ መዋጮው ሲጨመር ጤነኛው ይወጣል፤ ቋቱ ይደርቃል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሙከራው ሲጀመር አባልነቱ በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ እንዲሆን የተደረገውም ታማሚው ብቻ ተመርጦ እንዳይገባ ነው።

«መድን ለድሃ ነው።» አይደለም። መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይከፍልለታል፤ የቀረው ያዋጣል።

«ለመድን አባል ደካማ መድኃኒት ይሰጣል።» መድኃኒቱ የሚወጣው ከአንድ መደርደሪያ ነው። መደርደሪያው ባዶ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩ ግን እውነት ነው፤ ያስቆጣል፤ ማስቆጣትም አለበት። ቁጣውን ቀበሌ ስብሰባ ላይ በአባልነት ተናገሩት እንጂ ከመድን አትውጡበት።

«መታወቂያ ካለኝ በቀጥታ ሆስፒታል እሄዳለሁ።» ድንገተኛ ካልሆነ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር።

ከመድን ውጭ ስለ ጤናም የሚነገር ስህተት አለ፦ «እኛ ደጋ ነን፤ ወባ አይነካንም።» እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትንኟ እንደማይመቻት እርግጥ ነው። ማሾ ለመሰብሰብ ሸዋ ሮቢት ወርዶ የተመለሰ ወጣት ግን ተውሳኩን በደሙ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ትኩሳት ይዟችሁ ስትመጡ ቆላ መክረማችሁን ሳትጠየቁ ተናገሩ።

አንዱ ስህተት ደግሞ የእኛ የጤና ባለሙያዎቹ ነው፦ «መከላከል ምንጊዜም ወጪ ይቀንሳል።» የኩፍኝ ክትባት ይቀንሳል። ደም ግፊት ያለባቸውን ፈልጎ ዕድሜ ልካቸውን ክኒን መስጠት ግን ብዙውን ጊዜ ከሚያድነው ገንዘብ በላይ ያስወጣል። ቢሆንም ገንዘቡ ሊወጣበት ይገባል፤ በገንዘቡ የምንገዛው ሰው ሽባ ሳይሆን የሚኖርባቸውን ዓመታት ነውና። ቁጠባ እንደሚገኝ ቃል ገብተን ቁጠባው ሳይታይ ሲቀር በጀቱ ይታጠፋል፤ ታማሚው ክኒኑን ያቋርጣል። ስለዚህ ለበጀት ስንከራከር እውነተኛውን ምክንያት እናቅርብ።

ዘንድሮ የምታሳድሱ፣ የተወለደው ሕፃን ስም መመዝገቡን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ። 18 ዓመት ያለፈው ልጅ ተጨማሪ መዋጮ ይከፈልበታል፤ ካልተከፈለለት በእናንተ መታወቂያ አይታከምም።